በራሱ ይሄድ ስለነበረው ሪፖርት

ቀን፦ ታኅሣሥ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቁጥር፦ የለውም፤ ቤቴ መዝገብ ቤት የለውምና

ለተከበሩ አቶ ተክለጊዮርጊስ ወልደሰንበት
የገበያ ዋጋ መረጃ ማጠናቀሪያ ማዕከል ኃላፊ
ሆሳዕና

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ አቶ ተክለጊዮርጊስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ ብርዱ የበረታበት ወር ነውና ደረትዎን ይጠብቁ። የሰርቨርዎንም ጤና እጠይቃለሁ። ባለፉት አምስት ወራት ስለ እርሱ ብዙ መልካም ነገር ስለሰማሁ፣ ያላየሁት ዘመድ ሆኖብኛል።

እኔ የፎንቆ ነዋሪ ሀሚዳ ረሺድ ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛልና፣ ለማንበብ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብዎ ይታገሡኝ። በፎንቆ ጣቢያዎ የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረችው የረምላ ሚፍታህ እናት ነኝ። ልጄ ሐምሌ 17 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ለዒድ አራት ቀን ሲቀር፣ ጾሟን እንደያዘች ወደ ሆሳዕና ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተች። እርስዎም ለቅሶ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል። ስለዚያ ያኔውኑ አመስግኛለሁ። የዛሬው ምስጋናዬ ከለቅሶው በኋላ ስለጻፉልኝ ደብዳቤ ነው።

በነሐሴ ወር ልጄ በዚያ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ተልካ እንደሄደች የሚገልጽ አንድ መስመር እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ነበር። ገንዘብ አልጠየቅሁም። አንድ መስመር ብቻ ነው የጠየቅሁት። እርስዎ ግን በቸርነትዎ አራት መስመር፣ ከነማኅተሙ ላኩልኝ። ሌሎችም ከቸርነትዎ እንዲካፈሉ ዋናውን ቃል እገለብጠዋለሁ፦ «ሠራተኛዋ አደጋው በደረሰባት ዕለት ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዋ ተለይታ የነበረ ሲሆን፣ የብልሽት ሪፖርት በሲስተሙ አማካይነት በራሱ ወደ ሰርቨር የሚላክ በመሆኑ ለዚህ ተግባር የሚጓዝ ሠራተኛ የለም።»

ምስጋናዬ በዝርዝር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሪፖርቱ በራሱ እንደሚሄድ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ያስረዳችኝ በሌላ መንገድ ነበር። እርሷ እንደነገረችኝ፣ የጤፉን፣ የስንዴውንና የበርበሬውን ዋጋ የሚመዘግበው ሶፍትዌር በሥራ መሃል እየቆመ ያስቸግራል። ሲቆም ግን በስንት ሰዓት፣ ምን እየሠራ ሳለና በምን ምክንያት እንደቆመ ራሱ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ማንም ሳያዝዘው በኔትወርክ ወደ ሆሳዕናው ሰርቨር ይልካል፤ እዚያ ያሉት አይተው ይጠግኑታል። ይህን ስሰማ ጥፋቱን ሳይጠየቅ የሚናገር ፍጡር በሥራ ዘመኔም በጎረቤትም አላየሁምና ማሽኑን አከበርሁት። ችግሩ ኔትወርኩ ፎንቆ ላይ አለመኖሩ ነበር። ሪፖርቱ ይጻፋል፤ ይከማቻል፤ የሚሄድበት ግን የለውም። ሪፖርት ያልላከ ጣቢያ ደግሞ በግምገማ ዝቅተኛ ይባላል። ስለዚህ እርስዎ በስብሰባ ላይ፣ በቃል፣ ረምላ በየሳምንቱ ሐሙስ በፍላሽ ገልብጣ ታምጣውና እዚህ ሰርቨሩ ላይ ይጫን ብለው መፍትሔ ሰጡ። ለመንገዱ ወረቀት ይጻፍልኝ ብላ ስትጠይቅዎ የመለሱላትን ማታውኑ ነግራኛለች። «በራሱ ለሚሄድ ነገር እንዴት ደብዳቤ ይጻፋል?» ብለው ሳቁ። ጨዋታ አዋቂ መሆንዎን ያን ቀን አወቅሁ። ልጄም እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። «እማ፣ አውቶማቲክ የሚሉት እኔን ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ጠዋት ስትወጣ አውቶማቲኳ ሄደች እንል ነበር። አሁን የምንለው የለንም።

ሁለተኛ፣ በግንቦት ወር ከክልል ለልምድ ልውውጥ በመጡት እንግዶች ፊት ስላደረጉላት ክብር አመሰግናለሁ። ከፎንቆ የተላከ ሪፖርት በዚያች ቅጽበት ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ እንግዶቹ እንዲያዩ ተደርጎ አጨበጨቡ። ሪፖርቱን ያመጣችው ልጄ ጫማዋ በጭቃ ስለተበላሸ ከበሩ ኋላ እንድትቆም ተነግሯት፣ እዚያው ቆማ አብራ አጨብጭባለች። ከዚያም ለእንግዶቹ ለስላሳ አድላለች። አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን ኔትወርክም አስተናጋጅም አጨብጫቢም ሲሆን ያየሁት በእርስዎ አመራር ነው።

ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድሁት። ከሆስፒታል እንዴት እንደተረከብናት ነበር። እርሱ የእኔ ይሁን።

አራተኛ፣ ደብዳቤዎ ለስሟ ስላደረገላት አመሰግናለሁ። አንድ ቅጂ ለጣቢያው ስለተላከ፣ ቃሉ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ሰፈር ደርሶ ነበር። ፈጣኑ ኔትወርክ እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ያላገባች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ በጾም ወር፣ በሥራ ቀን፣ ያለፈቃድ ወደ ሆሳዕና ምን ልትሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ ከለቅሶዬ በላይ ሰው ሰበሰበ። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ስወጣ ይቀጥላል። አንዲት ጎረቤቴ ግን ከሌሎቹ ትሻላለች፤ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። «ወደ ማን ነበር የምትሄደው?» አለችኝ። ወደ ሰርቨሩ ነበር ብዬ ብመልስላት በልጄ አፍሬ የሸሸግሁ መስሏት አንገቷን ደፋች። ሞትን አላህ ያመጣዋል፤ እቀበላለሁ። «ያለፈቃድ» የሚለውን ቃል ግን ያመጡት እርስዎ ነዎት።

አምስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። ባለፈው ወር የልጄን ጃንጥላና የወንበሯን ትራስ ልወስድ ወደ ጣቢያው ሄጄ ነበር። ከኮምፒውተሩ በላይ፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ዘጠኝ ቀን የሚጽፍ ሰው ሲያነብም ይዘገያልና ቆሜ ቀስ ብዬ አነበብሁት፦ «ከሐምሌ 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወዲህ አንድም የሶፍትዌር ብልሽት ሪፖርት ያልተመዘገበበት ሞዴል ጣቢያ።» ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ሪፖርት ያልላከ ጣቢያ ዝቅተኛ መባሉ ቀርቶ ሞዴል መባል መጀመሩን ያን ጊዜ አወቅሁ። እያነበብሁ ሳለ ከወረቀቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ሪፖርቱ በራሱ እየተላከ ነው የሚል ጽሑፍም ወጣበት። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ጥላዬ መልካም ሰው ነው፤ አፈረ። «እንግዲህ እትዬ ሀሚዳ፣ መስመር ሲመጣ ይሄዳል» አለኝ። ጃንጥላውን ራሱ ተሸክሞ እስከ በር ሸኘኝ።

አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ ቤቴ ገብቼ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዬን አወረድሁ። ሐምሌ 10 ሐሙስ ነው። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ሆሳዕና ደርሳ የተመለሰችበት ሐሙስ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ አልደረሰችም። ማሽኑ እንደ ወትሮው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰርቨርዎ ከፎንቆ አንድ ቃል አልሰማም። በራሱ የሚሄድ ሪፖርት እርሷ በሞተችበት ሳምንት መሄዱን ለምን እንዳቆመ የሚያስረዳኝ የተማረ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ በስምንተኛ ክፍል ዕውቀቴ የተረዳሁትን ልንገርዎ፦ በማኅተም የነፈጉኝን አንድ መስመር፣ ራስዎ ፈርመው በመስታወት ለብጠው ግድግዳ ላይ ሰቅለውልኛል። ስለዚህ ነው በጣም የማመሰግንዎ።

ሰርቨር ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴትም በልጄ ሰደቃ ቀን መጥታ፣ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ በሩን እንደምታይ ነግራኛለች። ስሟን የማልጽፈው የእርስዎ ምስጋና እንዳይደርሳት ብዬ ነው።

በየሳምንቱ የማሽኑን አወዳደቅ ተሸክማ ትሄድ የነበረች ልጅ፣ የእርሷን አወዳደቅ የሚጽፍላት ሰው አጣች። እኔ ደክሞኛል። ቢሮዎ በር ላይ መቀመጥም፣ ነገ ተመለሺ መባልም ደክሞኛል። የምለምንዎ ያንኑ ነው፤ ከፋይሏ «ያለፈቃድ» የሚለውን ይሰርዙና «ተልካ» ብለው ይጻፉ። ያንን ወረቀት እኔ ወፍጮ ቤት ይዤ እሄዳለሁ። በራሱ እስኪሄድ አልጠብቅም።

ውድ ጊዜዎን በብልሽት ወሬ ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ግድግዳዎ ምስክር ወረቀት፣ ወንበርዎም ትራስ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ባለችኝ ጥቂት ጉልበት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የረምላ እናት
ሀሚዳ ረሺድ
ፎንቆ

ግልባጭ፦
ለፎንቆ ጣቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለሰርቨሩ፤ በእጅ የሚደርስ

ማሳሰቢያ፦ የልጄን ልብስ በፌስታል ሲሰጡን ፍላሹ በክር አንገቷ ላይ ታስሮ ስለተገኘ አብሮ መጥቷል። የሐምሌ 17ቱ ሪፖርት በውስጡ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ አሳይቶኛል፤ አሥራ አንድ ብልሽት አለው። በራሱ የሚሄድ ከሆነ እስካሁን ደርሶዎታል። ካልደረሰዎት ግን ሰው ይላኩና ይውሰድ። የሚልኩትን ሰው አስቀድመው በወረቀት ይላኩት፤ እናት ትኖረው ይሆናል።