ገመዱ ያልደረሰላት ሎደር

ማክሰኞ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ

ለልጄ አባት፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ልጃችን ደህና ናት። ደብዳቤህን ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ መልሱን ግን አላሳየኋትም። እኔም ደህና ነኝ። ይህን ስትሰማ ይከፋህ ይሆን ብዬ ነበር፤ ቢከፋህም ግድ የለኝም።

በግራ እጅህ የጻፍከውን ለማንበብ ጊዜ ወስዶብኛል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ብለሃል። እውነትህን ነው፤ ግን አንተን ማን ገፋህ? አፈር ልንደለድል የገባንበት ያ ግቢ ተዳፋት ነው፣ አፈሩም እርጥብ ነው፣ ጎማ ይንሸራተታል፣ ተው ብዬህ ነበር። በረንዳዋ ላይ ቆማ ለምታይህ ሴትዮ ጀግና ልምሰል ብለህ ወጣህና ከነሎደሩ ተገለበጥክ። ቀኝ እጅህ ሲደቅቅ ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ። ድነህ ስትወጣ የሄድከው ግን እሷ ጋ ነው። አሁን ሰልችተሃታል አሉ። እኔ ግን እስክትሰለቸኝ እንኳ ጊዜ አልሰጠኸኝም።

«ባለጎማውን ሽጪና ባለሰንሰለት ትንሽ ሎደር ግዢ» ያልከው ምክር ትክክል ነው፤ ይህን አልክድህም። ባለጎማው ይህን ክረምት ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ የሰው ሣር እየቀደደ አሳፍሮኛል። «የአፈር መዛቂያ ባኬቱን በእግር የምታነሳዋን ምረጪ፣ በግራ እጄ እየነዳሁ ሠርቼ ልብላ፣ ቤቴም ልግባ» ያልከውንም አንብቤዋለሁ። ደግሜ ነው ያነበብኩት።

ከወንድሜ ከመካኒኩ ጋር ማሽን መሸጫው ሄድን። ሁለት ባለሰንሰለቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። መለኪያዬን ታውቃለህ፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ ጠባብ የሆነውን የመምህሩን የጓሮ በር ለክተን የቆረጥነው ገመድ ነው። ማሽኑ ከገመዱ ከበለጠ በበሩ አይገባም፤ አፈሩ በእጅ ጋሪ ይወጣል፣ የሠራተኛው ወገብ ይቆረጣል።

የመጀመሪያዋ አንተ ያልካት ናት። በግራ እጅ ትነዳለች፣ ባኬቷን እግር ያነሳዋል። ገመዱን ዘረጋሁ፤ ተረፈ። ወጥቼ ተቀመጥኩባት። ዙሪያዋ ሁሉ ይታያል፤ የራሰ የአፈር ክምር ላይ ስወጣባት ምንጣፍ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ሁለተኛዋ ሁለት እጅ ትፈልጋለች፤ ባኬቷ የሚነሳው በቀኝ እጅ ነው። ትጮኻለች፣ የኋላዋ አይታይም፣ ገመዱም ሁለት ጣት ያህል ሳይደርስላት ቀረ።

«እናቴ፣ ይሄ ምን ምርጫ አለው?» አለኝ ሻጩ። «የመጀመሪያዋ ለእርስዎ ሥራ ተለክታ የተሰፋች ናት።»

ወንድሜ ደብዳቤህን ያውቃል። «በቃ ውሰጃት፤ ሰውዬውም ሠርቶ ይብላ» አለ።

«ሁለተኛዋን» አልኩ።

«እህቴ፣ ገመዱ አልደረሰም እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«ማሽን ነው የምትገዢው ወይስ ቂም?»

«ሁለቱንም። አንድ ላይ ይጫኑልኝ።»

መንገዱን ሙሉ አኩርፎ መጣ። ቤት ስንደርስ «እኔ እኮ ይቅር ብዬዋለሁ» ስለው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎኝ ወጣ። እሱ ሁልጊዜም ይወድህ ነበር፤ ሞኝ ነው።

አሁን የምነዳት እኔ ነኝ፤ በሁለት እጄ። መምህሩ «በበሬ የምትገባ ካልሆነች ምን ላድርጋት?» ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ሌሎች ሁለት ደንበኞችም ተከትለውት ሄዱ። ሠራተኞቹ ወደ እጅ ጋሪው ተመልሰዋል። ቀኝ ትከሻዬ ማታ ማታ ያመኛል። አይቆጨኝም። ስነዳት ስለ አንተ አላስብም፤ ጠባብ በር ባየሁ ቁጥር ካልሆነ በቀር።

እንግዲህ ለአንተ የሚሆን ማሽን እዚህ የለም። አልጋም የለም፤ የአንተ ቦታ ላይ የሎደሯ መለዋወጫ ተቀምጧል። ልጅህን ማየት ብትፈልግ እሷ ትመጣልሃለች፤ አንተ አትምጣ።

ገመዱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ከእንግዲህ አልለካበትም። ሴትዮዋ ስታስወጣህ ሻንጣህን እሰርበት። የማይፈታውን ቋጠሮ ታስታውሰዋለህ? በተጋባን ሰሞን ከኋላዬ ቆመህ፣ እጄን በእጅህ ይዘህ ያስተማርከኝን። ዛሬም አሳምሬ እቋጥረዋለሁ። ሁለት እጅ ይፈልጋል።

የቀረህን እጅ እግዜር ይጠብቅልህ።

የልጅህ እናት