በሰኔ የተለካ ወንዝ

ኅዳር 9፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

ላይኛው ድልድይ ነኝ። ቦቲዬ ውሃ አስገብቷል። ድንጋይ እገለብጣለሁ፣ አሸዋውን በእግሬ እቆሰቁሳለሁ፣ ከአጎበር ቁራጭ የሰፋሁትን መረብ ደቅኜ የመጣውን ነጭ ትሪ ላይ እዘረግፋለሁ። ባለ ሦስት ጭራ ነፍሳት አሉ። ባለ ሁለት ጭራም አሉ። ሸርጣን አንድ። ጣቴን ሊይዘኝ ሞከረ፣ ሳቅሁ። እነዚህ ፍጥረታት ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አይኖሩም። እነሱ ካሉ ወንዙ ደኅና ነው።

5 ሰዓት

ከእሸት ቡና መፈልፈያው በታች፣ የታችኛው መንደር ሰው የሚቀዳበት ቦታ። ትሪው ላይ ቀይ ትል። ደገምኩ። ቀይ ትል። ሦስተኛ። ቀይ ትል ብቻ። ውሃው ቡናማ ነው፣ የተረሳ የጠላ አተላ ይሸታል። ድንጋዩን ነጭ ልጥልጥ ነገር ለብሶታል።

ወ/ሮ አልማዝ ጀሪካኗን ይዛ ወረደች። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ነው ስሜን የምትጠራው። ዛሬ አጠገቤ ድረስ መጣች። ልጇ ሜሮን ከቅዳሜ ጀምሮ ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፣ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ በሰኔ አንቺ ነሽ ንጹህ ያልሽኝ።»

እኔ ነኝ። እሷ ድሮ ከኮረብታው ምንጭ ነበር የምትቀዳው፣ የአንድ ሰዓት ዳገት። በሰኔ መጥቼ ለካሁ፣ ንጹህ ነው አልኳት፣ ዳገቱን ተወችው። ለምን በሰኔ? በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ። ሪፖርት በሰኔ ስለሆነ ውሃም በሰኔ ይለካል። በሰኔ መፈልፈያው ዝግ ነው፣ ዝናቡ ወንዙን አጥቦ ሞልቶታል። ቡናው የሚታጠበው አሁን ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቅጹ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ሰማያዊዋ ደብተሬ፣ ከጅማው ሥልጠና የተረፍሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የኦክስጅን መለኪያው ከሞተ ዓመት አለፈው። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ቢሮ። አቶ ደምሴ፣ የሥራ ሂደት ባለቤታችን፣ የማጠቃለያውን ቅጽ ሰጡኝ። የውሃ ጥራት ፕሮግራሙ ዘንድሮ ያልቃል። ኅዳር 25 ከክልል ገምጋሚ ቡድን ይመጣል። ቅጹ ላይ «ጠቋሚ» የሚል ዓምድ አለ፤ ፕሮግራሙ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቅበት ማለት ነው። ከሥሩ በታይፕ ተሞልቷል፦ የተቆፈሩ የፍሳሽ ጉድጓዶች ብዛት። በቃ። የወንዝ ፕሮግራም ሆኖ ስለ ወንዙ አንድ ቃል የለም።

የእኛው መፈልፈያ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ እውነት ነው። ከወንዙ አፋፍ ላይ ተቆፍሯል። በጥቅምት ሞላ፣ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ይኸው እየፈሰሰ ነው። ቅጹ ላይ ግን «ተከናውኗል»።

በዚህ አያበቃም። የኮረብታውን ምንጭ ገድበው በቧንቧ ወደ ታችኛው መንደር ሊያወርዱት ታቅዶ ነበር። ወንዙ ንጹህ ነው ከተባለ ዕቅዱ ይሰረዛል፤ ንጹህ ወንዝ ላለው መንደር ቧንቧ ለምኑ? አቶ ደምሴ ይህን ሲነግሩኝ ሻይ እያማሰሉ ነበር። ለመሰረዙ ማስረጃ የተያያዘው ምን መሰለሽ? የሰኔው ወረቀቴ። ፊርማዬ ያምራል።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

የማይረባ ምላስ ነው ያለኝ።

መንደሩን ሰበሰብኩ። የቤንች ሰዎች ናቸው፣ አማርኛው ለብዙዎቹ የገበያና የቢሮ ቋንቋ ነው። ወንዙ ምን እንደሆነ እነሱ ቢመሰክሩ ብዬ ነው የሄድኩት። ቆምኩና በቢሮ አማርኛ ጀመርኩ፦ ከመካከላችሁ ጠቋሚዎች እንፈልጋለን፣ ጠቋሚ በደንብ ከተመረጠ ችግሩ ይታወቃል። አንዲት እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። የወ/ሮ አልማዝ አባት ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። በዚህ መንደር ጠቋሚ የለም፣ አልነበረም፣ አይኖርምም ብለው ተቀመጡ። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ ተበተነ።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ፣ ሸዋ ቤንች መገንጠያ ስደርስ። በደርግ ጊዜ ፊቱን ሸፍኖ በጣቱ እያመለከተ ጎረቤቱን ያስወሰደው ሰው ስሙ ጠቋሚ ነበር። የጋሽ ወልዴ ታላቅ ወንድም በአንድ ጣት ነው የሄዱት። አልተመለሱም። እኔ ደግሞ እስክሪብቶ ይዤ ጠቋሚ አምጡ እላለሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው እንጂ የሚገባኝ ሌላ ነበር።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

ሚዛን ከተማ ታጥኗል። በየደጁ ቆሻሻ ተቆልሎ እየነደደ ነው፣ በሽታ እንዲወጣ። አስፋልቱ በጭስ አይታይም። እኛ ላይ እናጸዳለን፣ ታች ደግሞ ይጠጡታል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሜሮን ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ነርሷ፣ ሜሮን ከዚያው መንደር የመጣች ሦስተኛ ልጅ ናት አለችኝ። ብርቱካን ይዤ ነበር። አልማዝ ተቀብላ ራስጌው አስቀመጠችው፣ አላየችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጋሽ ወልዴ ቢሮ ድረስ መጡ። በእግራቸው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ እምቢ አሉ። ከቆሙበት ጠየቁኝ፦ ያ ጠቋሚ ያልሽው ምን ነበር? አስረዳኋቸው። ሰው አይደለም አባቴ፣ ምልክት ማለት ነው፣ ውሃው ጤነኛ መሆኑን የሚያሳይ። ትሪውን አወጣሁ፣ የነፍሳቱን ሥዕል አሳየኋቸው። ሸርጣኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

ይሄንንማ እናውቀዋለን አሉ። አባቶቻቸው ሸርጣን ከጠፋበት ውሃ አይጠጡም ነበር። አንዳንድ ዓመት ቡናው ሲታጠብ ከታች ሸርጣን ይጠፋል፣ ያኔ ሁሉም ወደ ኮረብታው ይወጣ ነበር። ዘንድሮም ጠፍቷል፣ አይተዋል። ለልጃቸው ነግረዋታል። አልማዝ ግን የቢሮዋ ልጅ በጠርሙስ ለክታ ጽፋለች አለቻቸው። እሳቸውም ለወረቀቱ ዝም አሉ። ወረቀት ከሸርጣን ይበልጣል ብዬ አሉ።

ምን ልበል። የተማርኩትን ሁሉ እኚህ ሽማግሌ ሳይማሩት ያውቁታል። ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ።

ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ጣትሽን ማን ላይ ነው የምትቀስሪው? የመፈልፈያውን ዘበኛ? ባለ መፈልፈያውን? ወይስ እኛን፣ እያወቁ ጠጡ ብለሽ? ቆባቸውን ደፍተው ወጡ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከላይ ያገኘሁት፣ ከታች ያገኘሁት፣ ሸርጣኑ፣ ቀይ ትሉ፣ የሞላው ጉድጓድ። ከቅጹ ጋር አያያዝኩ። አቶ ደምሴ አነበቡት፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የስቴፕለሩን ሽቦ ነቅለው ሁለቱን ገጽ መለሱልኝ። ትል በክልል ደረጃ አይታወቅም አሉ። ጠቋሚው ጉድጓድ ነው፣ ጉድጓዱም ተቆፍሯል። ቅር ካለኝ በመጪው ሰኔ እንደገና እንለካለን።

በሰኔ! ጮኼ ይሆናል፣ አላውቅም፤ ታይፒስቷ ቀና ብላ አየችኝ። ደምሴም ሳቅ አለና ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አለኝ። ደግሞም ከሰኔው ወረቀት ሥር ያለው የማን ፊርማ ነው? ጉዳዩ ከተነሣ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ ሥራሽን ውደጂ አለ። አለ ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታው ቀረ፣ ቢያንስ በአንቺ ገጾች ላይ።

ፈርቻለሁ፣ ሰማያዊዋ። ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለኝ? እናቴ በእኔ ነው የምትኖረው። ፈርቻለሁ፤ መፍራቴም ያስጠላኛል።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ። ጽዮን

እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ተመለስኩ። ጸሎት አልመጣልኝም። ቄሱ ጠበል ሲረጩ የማስበው ከየት እንደተቀዳ ነው። አብጃለሁ መሰለኝ።

ቀትር ላይ ጤና ጣቢያ። ሜሮን ትናንት ተሽሏት ነበር፣ ዛሬ መልሶ ጣላት። እጇን ያዝኩ፣ የወፍ እግር ታክላለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ፤ ያድኗታል፣ ወደ ቤት ትሄዳለች፣ ያንኑ ውሃ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ዝናብ። ወንዝ አልሄድኩም። ምንም አልሠራሁም። ሁለቱን ገጽ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። ቁልፉን ስፈልግ ዋልኩ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አስቤዋለሁ፦ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ወረቀት ይፈረማል፣ ቡድኑ ምሳ በልቶ ይመለሳል። ወደ ቱም ከተማ እንዲያዛውሩኝ አመለክታለሁ። እዚያ መፈልፈያ የለም፣ አልማዝም የለችም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ሜሮን ተቀመጠች። ትራስ ተደግፋ። ነርሷ ደስ ብሏት ጠራችን። የልጅቷ የመጀመሪያ ቃል ውሃ ነበር።

አልማዝ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አነሣች። ወደ ልጇ አፍ አልወሰደችውም። ዞራ እኔን አየችኝ። የጤና ጣቢያው ውሃ ነው፣ የፈላ ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ግን ብርጭቆውን ይዛ ከእኔ አንድ ቃል ትጠብቃለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ አሁንም እኔን። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ነርሷ መጥታ ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደችና አጠጣቻት።

ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ያ ብቻ ነው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው።

መሳቢያውን ከፍቼ ድልድዩ ጋ መጥቻለሁ። ሁለቱ ገጾች ሦስት ሆነዋል። ሦስተኛዋን አሁን ጻፍኳት፣ ላንቺም ልገልብጥልሽ፦ በሰኔ ወር ወንዙ ንጹህ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መፈልፈያው በሰኔ እንደሚዘጋ አውቅ ነበር። ቡናው በሚታጠብበት ወር ሄጄ አለካሁም። በቃሌ ታምነው የጠጡ ሰዎች ታመዋል። ያ ወረቀት የምንጩን ዕቅድ ለመሰረዝ ማስረጃ ሆኖ እንዳያገለግል እጠይቃለሁ።

ደምሴ ሊነጥላት አይችልም። አልሰጠውም። ቡድኑን መንገድ ላይ ጠብቄ መጀመሪያ ወንዙ ጋ አወርዳቸዋለሁ፣ ከቢሮ በፊት፣ ከምሳ በፊት። ቦቲና መረብ ይዣለሁ። ትሪውን ራሳቸው ይያዙት።

ጋሽ ወልዴ ከንጋት ጀምሮ ድልድዩ ላይ ቆመዋል። በቆርቆሮ ከላይኛው ወንዝ ሸርጣን ይዘው መጥተዋል፣ የጠፋው ይህ ነው ብለው ሊያሳዩ። ማንን እንደምጠቁም ደግመው አልጠየቁኝም። ቅጹን አውጥቼ «ጠቋሚ» ከሚለው ሥር የታይፑን ጽሑፍ ሰረዝኩ፣ በእስክሪብቶ ስሜን ጻፍኩበት። የተጠቆመው ማን ነው ቢሉ ከጎኑ ያው ስም አለ።

መኪና ይሰማኛል። ከሚዛን በኩል ነው። ጋሽ ወልዴ ቆርቆሯቸውን አነሡ፣ እኔም ቦቲዬን እያጠለቅሁ ነው።