የሰኞ እጥበት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ታጠበ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሳ፣ ሁለት ተኩል ላይ ተሰጥቶ አለቀ።

የሚስቴ የኖሪን፦ ስድስት የሌሊት ልብስ፣ አራት ቀሚስ፣ ሁለት ሹራብ። የኔ፦ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ የውስጥ ልብስ። ማሽኑ ግማሽ እንኳ አልሞላም። እስከሚመጣው ሰኞ ይበቃል።

ሬዲዮ ላይ አንዲት ሴት ስለ ውኃ ታወራ ነበር። አንድ ወይም ሁለት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ያጥባል አለች። ምን ሲሠሩ ነው የሚቆሽሹት? ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች የእርሳስ ማዕድን ስቆፍር በሳምንት አንዴ በቅቶናል። እነሱ ወንበር ላይ እየዋሉ... ዘጋሁት።

በድርቁ ጊዜ ይህንኑ ለከተማችን ጋዜጣ ጽፌ ነበር። ሁለት ሰው፣ አንድ እጥበት፣ ሰኞ። አወጡልኝ። ኖሪን ቆርጣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም።

ኖሪን የአረጋውያን መጦሪያ ከገባች ሰባት ሳምንት። እነሱ ያጥባሉ፤ እኔ ግን ልብሷን እኔ አጥባለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ልብሱን ወሰድኩ። ተተኩሶ፣ ታጥፎ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ማክሰኞ ሰማያዊ ነው፤ ዝርዝሩን ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ።

ኖሪን ደህና ናት። ማለቴ እንደ ትናንቱ ናት። መስኮቱን ታያለች።

ሴላ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ከቶንጋ ደሴቶች የመጣችው፣ ግዙፏ አስታማሚ፣ ኖሪንን የምታለብሳት።

«አባባ ክሊፍ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል?»

«በይ።»

«ሐሙስ ሲደርስ ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው።»

«ስድስት የሌሊት ልብስ አላት። ቁጠሪው።»

«ቆጥሬዋለሁ፤ በየቀኑ እኮ የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ሦስት እንቀይርላታለን።»

«ለምን ሦስት?»

ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ሽንት ያመልጣታል፣ አባባ» አለች።

ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ከመጦሪያው ደብዳቤ። ኃላፊዋ ናት የፈረመችው። ቁም ሳጥኑ ዳግመኛ ባዶ ከሆነ እጥበቱን ራሳቸው ይረከባሉ። ቃላቱ ትሑት ናቸው። ሁለቴ አነበብኩት።

ጃኔል ከአደላይድ ደወለች።

«አባዬ፣ እነሱ ይጠቡላት። ማሽናቸው ትልቅ፣ ውኃቸው የፈላ። ምን ያደክምሃል?»

«አልደከመኝም።»

«ሰማንያ አንድ ዓመትህ ነው እኮ።»

«ዕድሜዬ ስንት እንደሆነ ለመስማት አይደለም ስልክ ያነሳሁት።»

«እሺ። ቢያንስ ሁለቴ እጠብላት። አንድ ቀን ጨምር።»

«ሰኞ ነው የምናጥበው።»

«ማነው "የምናጥበው"? ዕድሜ ልኳን እማዬ አይደለች እንዴ ያጠበችው? አንተ መቼ ማሽኑን ነክተህ ታውቃለህ?»

ስልኩን አስቀመጥኩት።

እውነቷን ነው። እስከ ኖቬምበር ድረስ ቁልፉ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከመመሪያው መጽሐፍ ተማርኩ፤ ሌላውንም ሁሉ እንዲሁ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት።

እነሱ ያበሏታል። እነሱ ያጥቧታል፣ ያስተኟታል፣ መድኃኒት ይሰጧታል። እኔ ምን እሠራለሁ? ልብስ። እሱን ከወሰዱብኝ ሄጄ ወንበር ላይ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

አርባ ሦስት ዲግሪ ሙቀት። የበግ እግር ጠበስኩ። ለብቻ ይበዛል።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

እናቴ ሰኞ የምታጥበው በእሁድ ጥብስ ምክንያት ነበር። የተረፈው ሥጋ ቀዝቅዞ ስለሚበላ ሰኞ ምድጃ አይነካም፤ ቀኑ ሙሉ ለልብስ ይሆናል። መንገዱ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ሰኞ ጠዋት በየጓሮው ነጭ ብቻ ነው የሚታየው።

ዛሬም አሰጣሁ። ጎረቤቴ ሚሊካ ከአጥሩ ወዲያ ጮኸች። ሰማንያ ሞልቷት እንኳ ድምፅዋ የመኪና ጥሩምባ ነው።

«ክሊፍ! አሁን አታስጣ! ምዕራቡን እየው!»

አየሁት። ከአድማሱ በላይ ቡናማ መስመር።

«ሩቅ ነው» አልኳት።

«ለሰዓት ሩቅ ነው፤ ለቀን አይደለም። ነገ እጠበው!»

«ሰኞ ዛሬ ነው።»

«አቧራው ቀን መቁጠሪያ ያነባል እንዴ፣ አንተ ደረቅ ሽማግሌ?»

አሰጥቼ ጨረስኩ። ስምንት ሰዓት ላይ አቧራው መጣ። ቀኑ ጨለመ፤ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው የልብስ ማስጫ ብቻውን ሲሽከረከር በመስኮት ሳየው ቆየሁ። መውጣት ይቻል ነበር። አልወጣሁም።

ሲያልፍ ሁሉም ቀይ ነበር። የሌሊት ልብሶቹ ጡብ መስለዋል።

እንደገና ማጠብ? የሳምንቱ እጥበት ታጥቧል። አራገፍኩት፤ የተራገፈውን ያህል ተራገፈ። አጠፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ሴላ ቦርሳውን ከፈተች። አንዱን አንስታ ስትዘረጋው አቧራው ነጩ ወለል ላይ ወረደ። ሁለታችንም ወለሉን አየን።

«አባባ...»

«ንጹሕ ነው። ታጥቧል። ላዩ ላይ ያለው አፈር ብቻ ነው።»

«ቆዳዋ ስስ ነው፤ ይሄ ይፍቃታል። አላለብሳትም።» እንዲህ ኮስተር ብላብኝ አታውቅም። «ለጊዜው ከመጋዘን ፈልጌ አለብሳታለሁ። እርስዎ ይሄን ይዘው ይመለሱ።»

ይዤ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። አልተናደድኩም። ምንም አልተሰማኝም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

ይህን እንደነበረ ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ኖሪንን ፈለግኋት። በር አጠገብ ቡናማ ሱሪና ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እንዳልረግጣት ጠጋ ብዬ «ይቅርታ፣ እመቤት» አልኩና አለፍኩ። ወደ መኝታ ክፍሏ ሄድኩ። የለችም። ተመለስኩ።

ሴላን «ኖሪን የት ሄደች?» አልኳት።

ሴላ ወደ በሩ ዞረች። ቢጫ ሹራብ የለበሰችውን በዓይኗ አሳየችኝ።

አምሳ ሁለት ዓመት በትዳር። ይቅርታ እመቤት አልኳት።

ኖሪን ሱሪ ለብሳ አታውቅም። ፀጉሯን በሌላ በኩል አበጥረውታል። የሹራቡ ኮሌታ ላይ የሌላ ሰው ስም ተሰፍቷል፤ ዶረቲ ይላል። ሴላ ዶረቲ በገና ሰሞን እንዳረፈች ነገረችኝ። ሹራቡን አውልቂላት አልኩ። ምን ላልብሳት? አለችኝ። 

ኖሪን አጠገብ ተቀመጥኩ። ኃላፊዋ መጣች።

«ሚስተር ሆስኪን፣ ደብዳቤው ደርሶዎታል አይደል? ከሰኞ ጀምሮ እኛ እናጥባለን። ማንም አይወቅስዎትም።»

አቀርቅሬ ሰማሁ። መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

አልሄድኩም። ቤተ መጻሕፍትም አልሄድኩም። ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት የማልሄደው ስታመም ብቻ ነው።

ሚሊካ መጣች። በረንዳው ላይ ያለውን ቦርሳ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ የኖሪን ነው? አሁንም አልታጠበም?»

«ሰኞ ታጥቧል።»

«ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ክሊፍ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ።»

«ኖሪን ሐሙስ ሐሙስ የት ትሆን ነበር?»

«እዚህ። ቤቷ።»

«እኔ ቤት ነበረች። በእኔ ማሽን። ስታጥብ።»

ምን እንደምትል አልገባኝም። ደግማ ነገረችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ጆሮው ለሚያስቸግረው ሰው እንደሚነገር። ጃኔል ስትወለድ ነው የጀመረው። የሽንት ጨርቁ በዝቶባት ሌላ ቀን እንጨምር ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። (አስታውሳለሁ። ሰኞ ሰኞ ነው ብያታለሁ።) በማግስቱ ጨርቁን በአንሶላ ጠቅልላ በአጥሩ ላይ ለሚሊካ አቀበለቻት። እኔ ፈረቃ ላይ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሁሉ። እዚያ ታጥባለች፣ እዚያ ታሰጣለች፣ ሳልመለስ አጥፋ ታስገባለች። ጡረታ ስወጣስ? ጡረታ ስወጣ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ።

«በዚያን ዓመት የምስጋና ሻማ አበራን» አለች ሚሊካ። «አንተ ቤት ብትውል ምን ልንሆን ነበር?»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ካቻምና። ቀኑን መርሳት እስክትጀምር።»

አርባ ሰባት ዓመት።

«ጋዜጣው ላይ የጻፍኩትስ?»

ሚሊካ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ልታቆም ሞከረች፤ አልቻለችም። «ማሽኔ አጠገብ ተቀምጠን ነው ያነበብነው። ኖሪን እንባዋ እስኪመጣ... "ሁለት ሰው፣ አንድ እጥበት!" አቤት! የአንተን የቱታ ሱሪ እያጠበች እኮ ነው።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ብትነግርህ ምን ልትላት ነበር?»

ምን እንደምላት አውቃለሁ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ክፋት አልነበረም። ንጹሕ መሆንህን ወደደችው፤ ትክክል ነኝ ማለትህንም ተወችልህ» አለች።

ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ስንት ሸሚዝ ይሆን... አንድ ሥራ ላይ፣ አንድ ቤት፣ አንድ መለወጫ። ለሰባት ቀን። እንዴት አልቆጠርኩትም? ሁሉን ነገር የምቆጥር ሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳውን አስገብቼ ማሽኑን አስነሳሁ። ውኃው ቀይ ወጣ። እንደገና አጠብኩ። ሦስተኛው ላይ ጠራ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24

ኃላፊዋ ቢሮ። ቆሜ ነበር፤ ይቀመጡ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ።

«እጥበቱን ለእኔ ተዪልኝ» አልኩ።

«ሚስተር ሆስኪን፣ በሳምንት አንዴ ለእሷ አይበቃም። ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ነግረንዎታል።»

«በሳምንት አንዴ አይደለም።»

«ስንቴ?»

«ስንቴ ያስፈልጋታል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሌሊት ልብሱና አንሶላው እዚያው በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት አለች፤ የጤና ደንብ ነው። ቀሚስና ሹራብ ለእኔ ሊተው ይችላል፤ ግን በሁለት ቀን አንዴ ቢያንስ። የሁለት ሳምንት ሙከራ። አንድ ቀን ካለፈ አበቃ።

ግማሹ ተወሰደብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወይ ሁሉም ወይ ምንም ብዬ እወጣ ነበር።

እባክሽ አልኳት። ማለቴን ልጻፈው። ፈረምኩ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 26

ታጠበ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ። በእሁድ። መንገዱ ላይ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ታጠበ። ሾርባ ደፍታበታለች። ቀዝቃዛ ውኃ መጀመሪያ፣ ከዚያ ሳሙና። ሚሊካ ናት ያሳየችኝ። «ትኩስ ካደረግህበት ሾርባውን ቀቀልከው ማለት ነው» አለች።

ዝርዝሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሳሁት። ሴላ የቱን ላልብሳት? ስትል «እሷን ጠይቂያት» አልኩ። ኖሪን በጣቷ አሳየች። አበባ ያለበትን።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ታጠበ።

እሁድ፣ ፌብሯሪ 2

ትናንት ታጥቧል። ዛሬም ታጠበ። ጃኔል ደወለች፤ ምን ትሠራለህ አለች። ልብስ እያሰጣሁ አልኳት። «ስልኩ ተቋረጠ?» አልኩ። አልተቋረጠም።

ዓርብ፣ ፌብሯሪ 7

ሁለቱ ሳምንት ሞላ። አንድም ቀን አልጎደለም። ኃላፊዋ ወረቀቱን አየችና «ይቀጥሉ» አለች። በቃ ይህን ብቻ።

ልብሱን ወደ ኖሪን ወሰድኩ። ከገመድ እንደወረደ ነበር፣ ፀሐዩ አልለቀቀውም። ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። እጇን ከተተችበት። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከገና ወዲህ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

«አንተ ነህ የምታጥብልኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነህ።» ቀሚሱን አገላበጠችው፣ ስፌቱን መረመረች። ከዚያ ወደ በሩ አየችና ጠጋ አለችኝ። «በል አሁን ሂድ። ባሌ ከፈረቃ ሊመለስ ነው። ሰው ቤቱ ሲመጣበት አይወድም።»

ባልሽ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ተውኩት።

«እሺ እመቤት። እሄዳለሁ» አልኩ። «መቼ ልመለስ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ሲቆሽሽ ነዋ!»

አጠገባችን የቆመችው ሴላ ጀርባዋን አዞረች። የዛሬውን የቆሸሸ ልብስ በቦርሳዬ ከተትኩ፦ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ። ማሽኑ አሁን እየዞረ ነው።