ክፍልሽን ለልጆቹ ከፈትኩት

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። ጎርፉ ከሄደ ወዲህ ከበጎ ፈቃደኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ከትምህርት ቤቱ ጭቃ ስዝቅ እውላለሁ፤ ደስታዬን ብታዪ። አባትሽ «አርፈሽ ብትቀመጪ ምን አለ?» ይላል፤ አካፋዬን የሚያጥብልኝ ግን እሱ ነው።

አሁን የፈራሁትን ልንገርሽ። ትምህርት ቤቱ እስኪደርቅ የሰፈሩ ልጆች መማሪያ ቢያጡ፣ ሳልጠይቅሽ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍልሽን ከፈትኩላቸው። አልጋሽ ተፈታቶ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ የቁምሳጥንሽ በር ሰሌዳ ሆኗል። የምታስተምራቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እትዬ፣ ልጅዎ ድንገት ብትመጣስ?» ብትለኝ፣ «ከኋላ ትቀመጣለቻ» አልኳት። እነሱ ሳቁ፤ እኔ ግን ትቀየሚኝ ይሆን እያልኩ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

ፈጣሪ በሰው አገር መወደድን ይስጥሽ። እባክሽ ደውለሽ «ይማሩበት» በይኝ። እስከዚያው ትምህርቱ አልተቋረጠም።

እናትሽ