ሽጉጡና አበልጄ

ማክሰኞ

ከዳኝ። ወደ ቤት በሚወስደኝ የሜልተን ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዩኒቨርሲቲያችን ማታ ማታ የሚሠሩ የተመረጡ ጥበቃዎች ከጃኬታቸው ሥር ሽጉጥ ደብቀው እንዲይዙ የሚፈቅድ ደንብ እያረቀቀ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ቢላ አውጥቶ ተማሪዎችን ስላስፈራራ የመጣ ነገር ነው። እኔ ከተማሪዎች አገልግሎት፣ ታደሰ ከጥበቃ ክፍል ደንቡን የሚመረምረው ኮሚቴ አባላት ነን። ታደሰ የማታ ጥበቃዎቹ አለቃ ነው። የልጄ የናሆም የክርስትና አባትም ነው። ናሆም እዚያው ግቢ ነርሲንግ ይማራል፤ ከላብራቶሪ የሚወጣው ከመሸ በኋላ ነው። ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ የሹራቡን ኮፍያ ከጭንቅላቱ አያወርድም። የደነገጠ ባለሽጉጥ በጨለማ ሲያየው ማን ይመስለዋል? ጭንቀቴ ይኼው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ለታደሰ ነገርኩት። "ልክ ነሽ" አለኝ። "ግን ሁለታችንም ከተናገርን ሐበሾቹ ተማክረው መጡ ይሉናል። አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ስፒክ አደርጋለሁ።" ተውኩለት። አበልጄ አይደል?

ዛሬ ስብሰባው ላይ ተነሣና ደንቡን ደገፈ። የአፍሪካ ማኅበረሰብም ይደግፈዋል ብሎ ጨመረበት። ሰብሳቢዋ የምለው እንዳለ ስትጠይቀኝ "የለም" አልኩ። በፈረንጅ ፊት አበልጄን ውሸታም ማለት አቃተኝ። ዓርብ የመጨረሻው ስብሰባ ነው።

ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ራስ ምታት አለ። ታደሰ ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳሁም። "ላስረዳሽ" ብሎ ቴክስት አደረገ። ምኑን ነው የሚያስረዳኝ?

ምሳ ላይ የቢሮ ጓደኛዬ "ጓደኛሽን ኮንግራትስ በይልኝ" አለችኝ። ደንቡ ካለፈ ሽጉጥ የሚይዘው አዲስ ቡድን ኃላፊ እሱ ነው አሉ። ሳንድዊቹን ጠቅልዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ያናደዱኝ ነገሮች፦ ዝም በይ ማለቱ። ዝም ማለቴ። የአፍሪካ ማኅበረሰብ ማለቱ፤ ማን ወከለው? ፋሲካ ላይ የዶሮውን ፈረሰኛ ለእሱ ማውጣቴ። እንዲህ ነኝ፣ ሲከፋኝ ትንሹንም ትልቁንም አንድ ላይ ነው የማነሳው።

ሐሙስ

ከሥራ በኋላ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፉትስክሬይ በርበሬ ልገዛ ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ታደሰ ቆሟል። ለመሸሽ አፈርኩ።

"አበልጄ፣ ተቀየምሽኝ?" አለኝ። "ሽጉጡ በማያውቀን ሰው እጅ ከሚገባ በእኔ እጅ ቢሆን አይሻልም? እኔ ናሆምን አውቀዋለሁ።"

"ጥበቃው ሁሉ አንተ ነህ?" አልኩት።

የያዘውን ዕቃ መደርደሪያው ላይ መለሰ። "ስንት ዓመት ብርድ ላይ ቆሜ በር ስከፍት ኖርኩ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ እድገት ባገኝ ትመቀኚኛለሽ?" አለ።

እኔን ምቀኛ አለኝ። በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን መንገድ ላይ ግማሽ ልቤ አዘነለት። ብርዱን አብረን ነው የምናውቀው።

እራት ላይ ለናሆም ሁሉንም ነገርኩት። ምንም አልገረመውም። "ጋሽ ታዴ ነግሮኛል እኮ" አለ በእንግሊዝኛ፣ ፓስታውን እየጠቀለለ። ገና ስብሰባው ሳይጀመር ለብቻው ጠርቶ መክሮታል። ሲመሽ ግቢ ውስጥ ኮፍያህን አውርድ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ፣ ጥበቃ ከጠራህ አትሩጥ። ለእናትህ አትንገራት፣ ትጨነቃለች።

ስለዚህ ያውቅ ነበር። እኔ የፈራሁትን እሱም ፈርቶታል። የራሱን የክርስትና ልጅ አስጠነቀቀና ሌላውን ልጅ ሁሉ ተወው። ስደተኛ ከሚበዛባቸው ከፍሌሚንግተን የመንግሥት ፎቆች የሚመጡት ልጆች የክርስትና አባታቸው የጥበቃ አለቃ አይደለም። ያዘነለት ግማሽ ልቤም ተመልሶ ጨከነበት።

ዓርብ

ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ ግን አላቆምኩም። "ማክሰኞ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም" አልኩ። ከዚያ ታደሰ ልጄን ምን ብሎ እንደመከረው ነገርኳቸው። "የእኔ ልጅ መካሪ አለው። የሌላዋን እናት ልጅ ማን ይምከረው?"

ሰብሳቢዋ ወደ ታደሰ ዞራ እውነት እንደሆነ ጠየቀችው። "ልጁ በደንብ አልሰማኝም" ብሎ ሊዋሽ ይችል ነበር። እኔም የምጠብቀው ያንኑ ነበር። ታደሰ ጠረጴዛውን እያየ "እውነት ነው" አለ።

ደንቡ እንዲቆይ ተወሰነ። አልወደቀም፤ ተማሪዎቹ ሳይጠየቁ ግን አይጸድቅም። ታደሰ ጃኬቱን አንስቶ ሳያየኝ ወጣ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ቅዳሜ

ዛሬ አልደወለም። ሚስቱ አልማዝ ግን "በፈረንጅ ፊት እንዲህ ታደርጊን?" ብላ ጻፈችልኝ። መልስ ጀምሬ አጠፋሁት። በድጋሚ ጀምሬ አጠፋሁት። እኔንስ በፈረንጅ ፊት ምን አደረገኝ?

ማታ ዕቃ ሳጥብ ናሆም መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ታዴን ሲያገኘው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ።

"ሳመዋ" አልኩት። "ክርስትና ያነሳህ እሱ ነው።"

"አንቺስ?" አለኝ፣ በአማርኛ።

ያልሰማሁ መስዬ ውኃውን ከፈትኩት። ትናንት ታደሰ ኮሚቴው ፊት ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።