የአሜሪካ መዳብ

ማክሰኞ፣ ሴፕ. 16

ዛሬም ሸክም ይዤ ወደ ግሬፕቫይን ከተማ። የሆቴል ፍራሽ። ድልድዩን ስወጣ ፒካፕ መኪናዬን ትንፋሽ አጠራት። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጫለሁ፣ እሷ ትንፏቀቃለች። ከኋላዬ ክላክስ በክላክስ። ጾም ነኝ፣ ምራቄ ደርቋል፣ ለመሳደብ እንኳ አቅም የለኝም። ደብተሬ፣ ደከመኝ።

ጋሽ ሰይድ አዲሱን የናፍታ ፖምፓ ከገጠሙልኝ ወር አልሞላም። ደሴ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነበሩ። አሁን እዚህ አሜሪካ፣ ሪቻርድሰን ከተማ፣ በልጃቸው በፋጡማ ቤት ጋራዥ ውስጥ የሐበሻ መኪና ይሠራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያቆማቸው ይሄው ሥራ ነው። ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው አበላሽተውት ይሆን? ማሰቡ ራሱ ያሳፍራል። ይቺ ትንሿ ፖምፓ ግፊት ካጣች ደግሞ ናፍታውን ለሞተሩ የሚረጨውን ትልቁን የኢንጀክሽን ፖምፓ ይዛው ትሞታለች። ያኔ መኪናዬም እንጀራዬም አበቃ።

ዓርብ፣ ሴፕ. 19

የግፊት መለኪያ ጌጅ ገዛሁ። በሽቦ የሚሠራውን። ናፍታውን በቱቦ ጋቢና ድረስ የሚያመጣም ነበረ። ቱቦው ቢፈነዳ ጭኔ ላይ! ይቅርብኝ።

ባለቤቴ ዘይነባ ለጋሽ ሰይድ ለምን ኮል አታደርግላቸውም ትላለች። ማስረጃ ሳልይዝ ምን ልበላቸው?

ቅዳሜ፣ ሴፕ. 20

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀመርኩ። ባትሪ ፈታሁ። ሴንሰሩን ከፖምፓው ማዶ፣ መስመሩ ላይ አሰርኩ። ሽቦውን ጋቢና ለማስገባት ብቻ ሁለት ሰዓት። ሰፈራችን ካሮልተን እንደ ምጣድ ግላለች፣ አንድ ጉንጭ ውሃ የለም። ጌጁን መስታወቱ ጥግ ለጠፍኩት። ሞተር አስነሳሁ። አሥራ አምስት፣ ልኩን! ቀጥ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ ብዬ ደስ አለኝ።

እሁድ፣ ሴፕ. 21

ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። ተጎታቹን ጭኜ ድልድዩን ስወጣ፣ አሥር፣ ሰባት፣ አራት። መርፌው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።

እዚያው ፓርክ አድርጌ ደወልኩላቸው። ፖምፓውን አበላሽተውታል፣ ከእንግዲህ የሰው መኪና ባይነኩ ይሻላል አልኳቸው። እኔ። በረመዳን። እሳቸው፣ እሺ ልጄ፣ አላህ ይርዳህ። ዘጉት።

ሰኞ፣ ሴፕ. 22፣ ረፋድ

ፋጡማ ደወለች። ድምፅዋ ተቀይሯል። አባቷ የመፍቻ ሳጥናቸውን መንገድ ዳር አውጥተውታል። ነገ ማክሰኞ ነው፣ የቆሻሻ መኪና ያነሳዋል። ብትለምን ብታለቅስ አልሰሟትም። ምን አልካቸው አለችኝ።

ሰኞ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ፖምፓውን ልቀይር ፈታሁ። አንዷ ሮንዴላ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ቀለበት፣ አመለጠችኝና ሞተሩ ሥር ገባች። ጋሽ ሰይድ እኔ ጋ የረሱት በሲባጎ የታሰረ ማግኔት አለ፣ እጃቸው የሚጥለውን ቡሎን የሚለቅሙበት። አወረድኩት። ሮንዴላዋ ዘላ ተለጠፈች።

ወይ ጉዴ! መዳብ መቼ ነው ማግኔት የሚይዘው?

ፖምፓውን የገጠሙልኝ ዕለት ጠዋት በስልክ፣ ሁለት ሮንዴላ፣ መዳብ ይሁን ብለውኝ ነበር። እኔ ሱቅ ገብቼ «ዋሸር» አልኩና ቢጫ ቢጫውን አንስቼ ወጣሁ። ቸኩዬ ነበር። ለካ ቢጫ ቅብ ብረት ኖሯል። እሳቸው በጥፍራቸው ፈትገው፣ ይሄ ጠነከረብኝ ልጄ አሉ። እኔ ሳቅኩ። «የአሜሪካ መዳብ እንዲህ ነው፣ ጋሼ።» እንግሊዝኛውን የማውቀው እኔ ነኝና አመኑኝ። ብረቱ እንደ መዳብ ተጨፍልቆ አልደፈነም፣ መስመሩ አየር ይስባል፣ ሸክም ሲበዛ ግፊቱ የሚወርደው ለዚያ ነው። ፖምፓው ምንም አልሆነም።

መዳቡን ገዝቼ ገጠምኩ። ያንኑ ሸክም፣ ያንኑ ድልድይ። አሥራ አራት፣ ንቅንቅ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል

ዘይነባ አፍጥረህ ሂድ ትላለች። አይሆንም። ሦስት ቴምር ኪሴ ውስጥ አለ፣ ሮንዴላዋም አለች። መጀመሪያ ሳጥኑን ከመንገድ አንስቼ ጋራዥ አስገባለሁ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አፉ በሉኝ እላለሁ። ማግኔቱን በእጃቸው አስይዤ ሮንዴላዋን አስጠጋለሁ። ጣትዎ ልክ ነበር፣ ጋሼ፣ ምላሴ ነው የሳተው እላቸዋለሁ።