ዘግይቶ የደረሰኝ የልጄ ውጤት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የልጄ የሰናይት የናሙና ውጤት ዛሬ ደረሰኝ። የወጣው በቀብሯ ሰሞን ነበር፤ ወንድሜ ግን መርዶ እንደሚደብቅ ሰው አርባዋ እስኪያልፍ ይዞት ቆየ።

ሐኪሞቹ ሳንባዋ ላይ ያዩትን እባጭ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር መስሏቸው ጡቷንም ሆዷንም ሲመረምሩ ከረሙ። ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል በታክሲ ስንመለስ፣ "እማዬ፣ መነሻውን ዛሬም አጡት? ደላላ ይያዙ በያቸው" እያለች ታስቀኝ ነበር።

ለካ እዚያው ሳንባዋ ላይ የበቀለ፣ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ኖሯል።

"ቀድሞ ቢታወቅ ትድን ነበር?" አልኩት ወንድሜን።

"ጠይቄያቸዋለሁ፣ እታለም። እነሱም አያውቁም።"

እኔም እንግዲህ ሳላውቀው ልኖር ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። በጸሎታችሁ ጥሩልኝ።